ጥንት፣ ጥንታዊ፣ ቅርስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእነዚህ ሦስት ቃላት ዙሪያ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎችን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

«ጥንት» ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት ትርጉም አለው። አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ በጣም የራቀ ዘመን። «ጥንት ሰው በዋሻ ይኖር ነበር» ስንል ይሄንን ማለታችን ነው።

ሁለተኛው ከግዕዝ የመጣው ነው፦ መነሻ፣ መጀመሪያ፣ ምንጭ። ለእኔ የቃሉ ልብ ያለው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ «ጥንተ ስቅለት» እና «ጥንተ ትንሣኤ» ሲባል ሰምታችኋል። ስቅለትና ትንሣኤ በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል፤ በባሕረ ሐሳብ ስሌት አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ይላሉ። ጥንተ ስቅለት ግን ሁልጊዜ መጋቢት 27 ነው። ጥንተ ትንሣኤም መጋቢት 29 ነው። ነገሩ መጀመሪያ የተፈጸመበት ቀን ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። እዚህ ላይ «ጥንተ» ማለት «አሮጌው» ማለት አይደለም። «የመጀመሪያው፣ ዋናው» ማለት ነው።

«ከጥንት ከጠዋቱ» የሚለውንም አስቡት። ጠዋት የቀን መጀመሪያ ነው። አንድ ሰው አምና ስለተዋወቀው ባልደረባው «እኔ እኮ ከጥንት ከጠዋቱ አላመንኩትም» ሊል ይችላል። ዘመን አላለፈም፣ ግን አባባሉ ልክ ነው። «ገና ከመነሻው» ማለቱ ነዋ።

«ድሮ»፣ «ቀድሞ» እና «ጥንት» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

«ድሮ» ሰው ራሱ ሊያስታውሰው የሚችለውን ጊዜም ይይዛል። «ድሮ ተማሪ እያለን» ይባላል። «ጥንት ተማሪ እያለን» ግን አይባልም፤ ከተባለም ለጨዋታ ነው። «ቀድሞ» ደግሞ ርቀት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው የሚነግረን። የቀድሞ ሚኒስትር ሥልጣን የለቀቀው ከሳምንት በፊት ሊሆን ይችላል።

«ጥንት» ከሦስቱም ይርቃል። የሚያስታውሰው ሰው በሕይወት የለም። የምናውቀው በወሬ፣ በጽሑፍ፣ በድንጋይ ነው።

«ጥንታዊ» እና «አሮጌ» አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ደግሞ ይህ ቅልቅል ብዙ ነገር አሳጥቶናል። «አሮጌ» የዕቃውን ሁኔታ ነው የሚናገረው፤ አገልግሏል፣ ተጎድቷል፣ መጣያው ደርሷል። «ጥንታዊ» የሚናገረው ከየት ዘመን እንደመጣ ነው። ጥንታዊ ነገር ጭራሽ ያላረጀ ሊሆን ይችላል። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በካርቦን ሲመረመሩ አንደኛው ከ4ኛው መጨረሻ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ ታይቷል። ሥዕሎቹን ያየ ሰው ግን ቀለማቸው ዛሬም ደማቅ መሆኑን ይመሰክራል።

እኛ ቤት ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ትልቅ ገበታ ነበር፤ የአያቴ እናት የበሉበት። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ልዋጭ መጣና በአንድ ፕላስቲክ ሳፋ ተለወጠ። ማንም ክፉ አላሰበም። «አሮጌ ነው» ነበር የተባለው። ያን ቀን አንድ ሰው «ጥንታዊ ነው» የሚለውን ቃል ቢጠራ ኖሮ ገበታው ዛሬም ቤታችን ይኖር ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ጥንታዊ» ወይስ «ጥንታዊት»?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እንደሚገልጹት ስም ይለያያሉ። አገርና ከተማን እንደ ሴት መጥራት በጽሑፍ የተለመደ ስለሆነ «ጥንታዊት ኢትዮጵያ»፣ «ጥንታዊቷ አክሱም» ይባላል። ለብዙ ቁጥር «ጥንታውያን» ነው።

አንድ ደጋግሞ የሚያሳስት ስም አለ። «የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር» ሲባል አርበኞቹ ጥንታዊ ናቸው ማለት አይደለም። አርበኞቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያንን የተዋጉት ናቸው። ጥንታዊት የተባለችው ኢትዮጵያ ናት። «ት»ዋ ናት ይህን የምትነግረን።

«ቅርስ» ማለትስ?

የቀደሙ ሰዎች ስለ አንድ ሰው «ቅርስና ጥሪት የለውም» ሲሉ ሐውልት የለውም ማለታቸው አልነበረም። ያስቀመጠው፣ ለክፉ ቀን ያቆየው ሀብት የለውም ማለታቸው ነው። ቅርስ መጀመሪያ የቤት ቃል ነው። ከተበላው፣ ከተሸጠው፣ ከጠፋው ተርፎ በእጅ የቆየ ነገር ማለት ነው። ኋላ ነው ከቤት ወጥቶ የአገር ቃል የሆነው። ዛሬ «ቅርስ» ስንል ከኛ በፊት የነበሩት ሠርተው ያለፉትን፣ እኛም ለሚመጡት ልናቆየው የሚገባውን ነገር ነው።

ስለዚህ ጥንታዊነትና ቅርስነት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ተራራ ጥንታዊ ነው፤ በራሱ ግን ማንም ሠርቶ አላቆየውም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። የተመረቀበትን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ጥንታዊ ሊባል አይችልም። ግን የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነው። ቅርስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ከ«ውርስ» ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው?

ውርስ በሞት ምክንያት ከአንድ ሰው ወደ ሌላ የሚተላለፍ ንብረት ነው። ወራሽ ስም አለው፣ ድርሻ አለው፣ ፍርድ ቤት ይዳኘዋል። ወራሹ መሬቱን ሊሸጥ፣ ገንዘቡን ሊበላ ይችላል። ቅርስ ግን የሚቆይ ነው። የአባትህ ቤት ውርስህ ነው፤ ቤቱ የተሠራበት ጥበብ የሁላችንም ቅርስ ሊሆን ይችላል።

«ቅርሳ ቅርስ» ለምን ሁለት ጊዜ ይባላል?

አማርኛ ዓይነቱ የበዛ ነገርን በአንድ ላይ ሲጠራ ቃሉን ይደግመዋል። ቅጠላ ቅጠል፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቅባ ቅባት። ቅርሳ ቅርስም እንደዚያው ነው፤ ልዩ ልዩ የቅርስ ዕቃ በአንድ ላይ። አንድን ነገር ለብቻው «ይህ ቅርሳ ቅርስ ነው» ማለት አይመችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ የሚሠራው ለዕቃ ነው። መስቀል፣ ጋሻ፣ ብራና፣ ሳንቲም ቅርሳ ቅርስ ይባላሉ። ላሊበላን ቅርሳ ቅርስ የሚል ሰው ግን አልሰማሁም።

የሚዳሰስና የማይዳሰስ ቅርስ ምንድን ነው?

የሚዳሰሰው ሐውልቱ፣ ሕንፃው፣ ዕቃው ነው። የማይዳሰሰው ሰዎች የሚያውቁትና የሚያደርጉት ነገር ነው፦ በዓል፣ ዜማ፣ ሥርዓት፣ የእጅ ጥበብ። ሕጋችን «ግዙፍነት ያለው» እና «ግዙፍነት የሌለው» ይላቸዋል። በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የመስቀል በዓል፣ የሲዳማው ፍቼ ጫምባላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀት እና የሐረሪው ሹዋሊድ ሰፍረዋል።

«ጥንታዊ ዘመን» ከመቼ እስከ መቼ ነው? ላሊበላ ጥንታዊ ነው?

በአውሮፓ ታሪክ የጥንቱ ዘመን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የምዕራብ ሮም መንግሥት በወደቀበት እ.ኤ.አ. በ476 ነው። ይህን ቁጥር ለኢትዮጵያ መውሰድ ግን አያስኬድም። በ476 አክሱም ገና ኃያል ነበረች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የመን የዘመተው። የኛን ታሪክ የጻፉ ብዙ ሰዎች የጥንቱን ዘመን ይኩኖ አምላክ እስከነገሠበት እስከ እ.ኤ.አ. 1270 ይወስዱታል። ዘመናዊው ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑበት ከ1847 ዓ.ም. ይጀመራል። በመሃል ያለው መካከለኛው ዘመን ነው።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ችግር የሚመጣው ለዚህ ነው። የዛጉዌ ዘመን ናቸው፤ ከ12ኛው መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ ክፍለ ዘመን ጋር ነው ስማቸው የሚነሳው። በአንዱ አከፋፈል የጥንቱ ዘመን ጅራት ላይ ይወድቃሉ። በዓለም አቀፉ አከፋፈል ግን የመካከለኛው ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ዩኔስኮም የሚጠራቸው በዚሁ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ጥንታዊ» ብትሏቸው አልተሳሳታችሁም። የትምህርት ጽሑፍ ስትጽፉ ግን የትኛውን አከፋፈል እንደያዛችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ድንቅነሽ (ሉሲ) ጥንታዊ ቅርስ ናት ወይስ ቅሪተ አካል?

ቅሪተ አካል የሚለው ዓይነቷን ይነግረናል፤ ከሕያው አካል የቀረ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። «የጥንት ሰው» ስንላት በቁጥሩ ስፋት የተነሳ ቃሉ ይጠብባታል። ለዚህ ነው «ቅድመ ታሪክ» የሚለው ቃል የሚያስፈልገን። ጽሑፍ ከመፈጠሩ በፊት ያለው ዘመን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ቅርስ ናት ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው። ሰው አልሠራትም፤ ሕጉ ግን ቅሪተ አካልንም ቅርስ ውስጥ ያስገባል። ከዚያው ከአፋር፣ ከጎና፣ የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ደግሞ በእጅ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው ድንጋይ በድንጋይ መትቶ ስለት አውጥቶባቸዋል። እኔ በግሌ ከአጥንቱ ይልቅ እነዚህ ድንጋዮች ናቸው የሚገርሙኝ።

«ዓ.ም.»፣ «ዓ.ዓ.» እና «ቅ.ል.ክ.» እንዴት ነው የሚነበቡት?

ዓ.ም. ዓመተ ምሕረት ነው፤ የዕለት ተዕለት አቆጣጠራችን። ቅ.ል.ክ. ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ወደ ኋላ እየራቅን ነው። እስከዚህ ችግር የለም።

የሚያሳስተው ዓ.ዓ.፣ ዓመተ ዓለም ነው። በቤተ ክርስቲያን ስሌት ዓመተ ዓለም ከፍጥረት ጀምሮ ወደፊት የሚቆጠር ነው። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ነው፤ አባቶች «አምስት ቀን ተኩል» የሚሉት። ስለዚህ የዚህን ዘመን ዓመተ ዓለም ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ትደምራላችሁ። 2000 ዓ.ም. ማለት 7500 ዓመተ ዓለም ነበር። አንዳንድ የታሪክ መጻሕፍት ግን ዓ.ዓ.ን «ከክርስቶስ ልደት በፊት» ለማለት ነው የሚጠቀሙበት። አንድ መጽሐፍ «በ500 ዓ.ዓ.» ሲል ከፍጥረት በኋላ በ500 ማለቱ ነው ወይስ ከክርስቶስ በፊት በ500? ልዩነቱ ሺዎች ዓመታት ነው። ብራና ላይ ካያችሁት የመጀመሪያው ነው። ዘመናዊ መጽሐፍ ላይ ካያችሁት መቅድሙን አንብቡ።

የቅዱሳን ዐፅም፣ ታቦት፣ ግማደ መስቀል «ቅርስ» ይባላሉ?

እነዚህ የራሳቸው ስም አላቸው፤ በስማቸው መጥራት ይሻላል። ለአምልኮ የሚያገለግለው ዕቃ ንዋየ ቅድሳት ነው። የቅዱስ አጥንት ዐፅም ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወረበት ቀን ፍልሰተ ዐፅም ይባላል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ግንቦት 12 የሚከበረው ለዚህ ነው። በግሸን ደብረ ከርቤ መስከረም 21 ሕዝብ የሚጎርፍለት ግማደ መስቀል ነው፤ «ግማድ» ክፋይ ማለት ነው።

ለመንግሥት መዝገብና ለጥበቃ ሲባል ብዙ ንዋየ ቅድሳት ቅርስ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ክፋት የለውም። ለምእመኑ ግን መስቀሉ ዛሬም ይባርካል፣ መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል። ያለፈ ነገር ምልክት አይደለም። ታቦት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይጠነክራል፤ ከካህን በቀር የሚያየው የለም። ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት የብሪቲሽ ሙዚየም እጅ ላይ ይገኛሉ። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም። ጎብኚ የማያያቸው፣ ካህን የማያገለግልባቸው ከሆነ እዚያ ምን ያደርጋሉ? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃለሁ።

ቤቴ ያለው የአያቴ ዕቃ ቅርስ ነው? መንግሥት ይወስደዋል?

ሰዎች ይህን የሚጠይቁት በፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ዕቃን ያስደብቃል፤ ዕቃ ሲደበቅ ይበላሻል፣ ይሰረቃል። በሥራ ላይ የቆየው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ባለቤቱ ግን ግዴታ አለበት። ማስመዝገብ፣ መንከባከብ፣ ጥገና ሲያስፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የብር መስቀል በአሲድ ማጽዳት፣ የድሮ ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም መቀባት ዕቃውን አበላሽቶ ያስቀረዋል።

ሁሉም የአያት ዕቃ ቅርስ ነው ማለት አይደለም። አዋጁ የሚጠይቀው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲኖረው ነው። ከተጠራጠራችሁ የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን አማክሩ። እስከዚያ ግን ለቆራሌው አትስጡት። ደግሞ ታሪኩን ጻፉት፦ ከማን መጣ፣ የት ተሠራ፣ ማን ያዘው። የሐረሩ የሸሪፍ ሙዚየም ስብስብ የተጀመረው እኮ በአንድ ሰው ትጋት ነው።

የአያቴን ዕቃ ለውጭ አገር ዘመዶቼ ልውሰድላቸው?

ቅርስ ከሆነ፣ አይቻልም። ለጥናት፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለባህል ልውውጥ ለጊዜው በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከአገር አይወጣም። ለገበያ የተሠሩ አዳዲስ መስቀሎችና ሥዕሎች ሌላ ናቸው። እነሱም ግን ቅርስ ስለሚመስሉ ኤርፖርት ላይ ሊያስቆሟችሁ ይችላሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ቀደም ብላችሁ ያዙ። በበረራው ቀን የሚታሰብ ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ አዲስ የተሰፋ ጥበብ ውሰዱለት፤ ደስ ይለዋል።

ቤት ለመሥራት ስቆፍር አሮጌ ሸክላ ወይም ሳንቲም ባገኝስ?

ቁሙ። አታንሱት፣ አትጠቡት፣ አታንቀሳቅሱት። ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በቅርብ ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ሕጉም ይህንን ነው የሚለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳንቲም አፈር ውስጥ ሳለ ከጎኑ ካለው ሸክላ፣ ከሥሩ ካለው አመድ ጋር ነው የሚናገረው። ካነሳችሁት በኋላ እንደገና ብትመልሱት እንኳ ያ ንግግር ተቋርጧል። ያለ ፈቃድ «ሌላም ይኖር ይሆናል» ብሎ መቆፈር ደግሞ ወንጀል ነው።

ከውጭ ስለሚመለሱ ቅርሶች ስንናገር የትኛውን ቃል እንጠቀም፦ «ስጦታ»፣ «ውሰት» ወይስ «ማስመለስ»?

እዚህ ላይ ቃል መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ስጦታ የሚሰጠው ባለቤት ነው። ውሰትም እንደዚያው፤ የሚያውሰኝ ሰው ባለቤትነቱን ጠብቆ ነው። ስለ መቅደላ ቅርሶች በቅርብ ዓመታት ከለንደን የመጣው አንዱ ሐሳብ የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ በጦር ኃይል የተወሰደን ዕቃ «እናውሳችሁ» ሲባል «እሺ» ያለ ሰው ባለቤት እንዳልሆነ ተስማማ ማለት ነው። ስለዚህ «የተዘረፈ» እና «ማስመለስ» የሚሉት ቃላት ናቸው ትክክል።

መመለስ እንደሚቻል ታይቷል። ኤዲንብራ ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ተመልሷል። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ደግሞ 24 ሜትር ገደማ ቁመት፣ 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ነው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን በ1997 ዓ.ም. መጣ፤ ተገጣጥሞም በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። አሁን በቀድሞ ሰፈሩ፣ በወደቀው በትልቁ ሐውልት አጠገብ ቆሟል።